ለግመል ደወል አይደወልም

«ጸጥታ» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ደርቦ የያዘ ሠራተኛ ነው። በአንዱ ሥራው ሕፃን እንዲተኛ ቤቱን ዝም ያሰኛል። በሌላው ዜና ላይ ይቀርባል፤ የጸጥታ ኃይል፣ የጸጥታ ችግር፣ የጸጥታ ምክር ቤት ይባላል። ሳይክል ይዤ መኪና የማይበዛበት መንገድ ፍለጋ ወደ ይፋት ቆላ መመላለስ እስክጀምር ድረስ ሁለቱ ሥራዎች ሊጋጩ እንደሚችሉ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

እዚያው ይፋት፣ ሸዋ ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው ነገሩ የተጀመረው። ባለቤቱ ሸበቶ ሰው ናቸው፤ ብርጭቆ ያጥባሉ። «ጋሼ፣ እስቲ ጸጥ ያለ መንገድ ይጠቁሙኝ» አልኳቸው።

«ጸጥ ያለ ስትል?»

«መኪና የሌለበት፣ ረጭ ያለ፣ ሰውም እምብዛም የማይታይበት።»

ብርጭቆውን ከባልዲው አውጥተው ወደ ብርሃን አንስተው አዩትና «ሰው ከሌለበትማ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አላሉም። እኔም ሻዬን ጠጥቼ፣ ሰውዬው ጥያቄዬን አልተረዱኝም ብዬ ወጣሁ። ያልተረዳሁት እኔ እንደነበርኩ የገባኝ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ ሮቢት ወደ 225 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሳይክሌ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከፍራሽና ከጀሪካን ጋር ታስሮ ይጓዛል። ረዳቱ ለሳይክል የሚጠይቀው ሒሳብ ቁርጥ ዋጋ የለውም፤ ፊት አይቶ ነው። ሄልሜት በእጄ አንጠልጥዬ ከቀረብኩ ይጨምርብኛል። ስለዚህ ስለ ዳገትና ቁልቁለት ከማሰቤ በፊት የጉዞ ዕቅዴ የመጀመሪያ ተግባር ሄልሜቱን ፌስታል ውስጥ መደበቅ ነው።

ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጠዋት የሚያልፍባት ሰው ትንፋሹን ያያል። ጣርማበር ሲደረስ ከ3000 ሜትር ይታለፍና፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ ያበጀው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ይውጣችኋል። ከዋሻው ማዶ ሌላ አገር ነው። ጉም ካልጋረደው እግራችሁ ሥር ገደሉ ይከፈታል፤ መንገዱ እንደ ተጣለ ገመድ ወደ ታች ይጠማዘዛል። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። እዚህ ሰው ጋቢ ደርቧል። አርማንያን አልፋችሁ ስትወርዱ ጋቢው ወደ ነጠላ ይሳሳል። ሮቢት ስትደርሱ ሽርጥና ካናቴራ ብቻ ይቀራል። በየ1000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚጨምር ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ሮቢት ደግሞ ወደ 1280 ሜትር ላይ ናትና ከጣርማበር በ12 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ከመሥራት ይልቅ ግን የሰዉን ትከሻ ማየት ይቀላል።

ሮቢት ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እስር ቤቱ ነው። ለሾፌር ማንጎና ፓፓያ ነው። ለነጋዴ ማሾ ነው፤ የዚህ ቆላ ማሾ ምርት ገበያ ድረስ የሚጓዝ እህል ነው። ለእኔ ሮቢት ማለት ሳይክል ከአውቶቡስ የሚወርድባት፣ ጎሚስታው መጥቶ ጎማዬን በአውራ ጣቱ የሚጫንባት ከተማ ናት። ጎሚስታ፣ ጎማ፣ ፌሮዶ፣ ማርሽ፣ ከመነዳሪ፤ ይህን ሁሉ ስም ከየትም አላመጣነውም፣ አብዛኛው በዚያው በዋሻው በኩል የገባ ነው። ባለ ዋሻዎቹ አምስት ዓመት ቆይተው ወጡ፤ ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ እጁን በግራሶ ቀብቶ መንገድ ዳር ተቀምጧል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከደብረ ሲና እስከ ሮቢት 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ደግሞ በ1400 ሜትር ያህል ይወርዳል። በየ100 ሜትሩ በአማካይ 4 ሜትር መሆኑ ነው። ሳይክል የሚወድ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ምራቁን ይውጣል። እኔም ውጬ ነበር። «ዳገቱን ለአውቶቡሱ፣ ቁልቁለቱን ለእኔ» ብዬ ደብረ ሲና ላይ ሳይክሌን አስወርጄ ተንደረደርኩ። አንድ ጊዜ ወርጄዋለሁ፤ ሁለተኛ አልወርደውም።

ምክንያቱም ይህ መንገድ የእኔ ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ በሚሌና በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው ተሳቢ፣ የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ሲኖትራክ፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ሳይበላሽ ሊያደርስ የሚከንፈው አይሱዙ፣ የደሴና የወልድያ አውቶቡስ ሁሉ የሚተላለፉት እዚሁ ላይ ነው። ሲኖትራክን ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ሲል ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ቁልቁለቱ መሐል ላይ የተቃጠለ ፌሮዶ ሽታ ይመጣል። ሽታው ከኋላ ከመጣ ዞር ብሎ ማየት ያስፈራል፤ ከፊት ከመጣ ደግሞ ፍሬን የሚበጥሰው ሰው ከእኔ በታች ነው ብሎ መጽናናት ነው፤ እንዲህ ያለ መጽናናት ያሳፍራል። የራሴም ቸርኬ ግሎ ነበር፤ ወርጄ በጣቴ ስነካው እንደ ምጣድ ፈጀኝ። የሳይክል ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ጨብጠው ከያዙት ይግላል፤ ያዝ ለቀቅ፣ የፊቱን አንዴ የኋላውን አንዴ እያፈራረቁ ነው የሚወረደው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እዚህ ቦታ ላይ የፈሰሰ የሚለቀም አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ካርታ ማየት ጀመርኩ። ካርታ ስል በስልክ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን የድሮውን የካርታ ሥራ ድርጅት ባለ 50 ሺህ መስፈርት ወረቀት ጭምር ነው፤ ከፍታን በመስመር የሚያሳየውን። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ጉልበታችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲራራቁ ትተነፍሳላችሁ። የይፋትን ቆላ በዚያ ወረቀት ላይ ስመለከተው አንድ ነገር ገረመኝ። በምዕራብ በኩል መስመሮቹ ተጠጋግተው ጥቁር ቀለም የፈሰሰ ይመስላል። በምሥራቅም በኩል ጉብታ አለ፤ እንደ ምዕራቡ ባይሆንም። በመሐል ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ፣ እንደ ሰፌድ ጎድጎድ ያለ ሜዳ አለ።

የጂኦሎጂ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ሲሰነጠቅ ዋናው ወለል ብቻ አይደለም የወረደው፤ ከደጋው ጠርዝ ግርጌ እንደ ደረጃ ሆነው የቀሩ ትናንሽ ስምጦችም አሉ። አንደኛው የሮቢት ነው፤ ወደ ሰሜን የቦርከና፣ የሐይቅና የቆቦ ይከተላሉ። መሬቱ ዛሬም ሥራውን አልጨረሰም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ከተማን አፈራርሷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት ፒየር ጉዌን ያንን መንቀጥቀጥ በሰፊው አጥንተውታል። እኔ ከዚህ ሁሉ ዕውቀት የወሰድኩት አንድ የመንገድ ሕግ ብቻ ነው፦ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሜዳ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዳገት። በዚህ አገር ሳይክል ይዞ ወደ ፀሐይ መግቢያ የሚዞር ሰው የሚያደርገውን ይወቅ። ከሮቢት ተነሥቶ ደብረ ሲና ለመውጣት እንደ እኔ ያለ ከሃምሳ ያለፈ ሰው በሰዓት 350 ሜትር ያህል ከፍታ ቢወጣ ነው፤ አራት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ውኃ መጠጫውና እግዚኦታው ሳይቆጠር።

ሜዳ ነው አልኩ እንጂ ጠረጴዛ ነው አላልኩም። ወንዞቹ ሁሉ ከደጋው ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ፤ ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬ። በሰሜን–ደቡብ የሚሄድ ሳይክል እያንዳንዳቸውን ወርዶ መሻገር ግድ ይለዋል። በበጋ አሸዋና ድንጋይ ናቸው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱባቸዋል። ክረምት ላይ፣ በበልግም ጭምር፣ ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። አንድ ቀን ከእንዲህ ዓይነቱ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ቆሜ ሰንሰለቴን ሳስተካክል አንድ እረኛ ልጅ «ውጣ፣ ውጣ!» አለኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልጁ ግን ያየው የእኔን ሰማይ አይደለም፤ የጣርማበርን ነው። ላይ ቤት ጠቁሯል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ወንዙ እንጨትና አፈር እየገፋ፣ እንደ መኪና እያጓራ መጣ። ደራሽ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በይፋት የአየር ሁኔታ ስጠይቅ የሮቢትን ብቻ አልጠይቅም፤ «ላይ ቤት እንዴት ነው?» እላለሁ።

ታዲያ መንገዱ የት ነው? አስፋልቱ አንድ ነው፤ አስፋልቱን ትቶ መሄድ ግን ዛሬ ካለፈው ዘመን ይቀላል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማው ቀበሌን ሁሉ በጋ ከክረምት ከሚያገለግል መንገድ ጋር ማገናኘት ነበር። በጋ ከክረምት የሚለው ነገር ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ አንዳንዱ ጠጠር ታጥቦ ድንጋዩ እንደ ጥርስ ቀርቷል። ለመኪና ኪሳራ ነው። ለሳይክል ግን በረከት ነው፤ መኪና የሚርቀው መንገድ ይሻለኛልና። ሰፋ ያለ ጎማ፣ ያነሰ ንፋስ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ካላችሁ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ፣ በማሽላና በጤፍ መሐል፣ ደገኛ የማያውቀውን ዓይነት ጠዋት ታሳልፋላችሁ።

ጠዋት ነው ያልኩት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው የእናንተ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ሰውን ከመንገድ ታስወጣለች። ሙቀት ውስጥ የሚሄድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ሦስት ሊትር ሳልይዝ አልንቀሳቀስም። ባዶው ጠርሙስ ደግሞ ገንዘብ ነው። መንገድ ዳር ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚሮጡት ውኃ ፈልገው አይደለም፤ ፕላስቲኩን ነው፤ ዘይት ይለካበታል፣ ወተት ይያዝበታል፣ ትምህርት ቤት ውኃ ይወሰድበታል። የየትኛውም ፋብሪካ ውኃ ይሁን፣ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። እንዲህ በሕዝብ ፈቃድ የተጠመቀ የንግድ ስም ሌላ ብዙ አላውቅም።

ሌላው ጸጥታን የሚያስተካክለው ነገር ገበያ ነው። በዚህ አገር የትራፊክ ብዛት የሚወሰነው በገበያ ቀን ነው። የሰንበቴ ገበያ እሑድ ነው፤ ከአፋር፣ ከአርጎባ፣ ከኦሮሞ፣ ከአማራ መንደር ሁሉ ይመጣለታል። መጀመሪያ ላይ እኔ ብልጥ መስሎኝ እሑድን ከዕቅዴ ሰርዤ ነበር፤ አይሱዙው ይበዛላ! ሰኞና ማክሰኞ ጭር ባለው መንገድ ብቻዬን ሄድኩ። ፀሐይና እኔ፣ አልፎ አልፎም ውሻ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጎማዬ በእሾህ ተወጋ። አንዱን ከመነዳሪ ቀየርኩ፤ ትንሽ ሄጄ መለዋወጫውም ተወጋ። የግራር እሾህ የጎማ ስፋት አይፈራም። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይክሉን ስገፋ ሰው አላጋጠመኝም። ያን ጊዜ ነው የሻይ ቤቱ ሰውዬ ድምፅ የተሰማኝ፦ ሰው ከሌለበትማ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?

በሚቀጥለው ወር እሑድን መረጥኩ። ንጋት ላይ ተነሥቼ በውስጥ በውስጡ ወደ ሰንበቴ ከሚሄደው ገበያተኛ ጋር ገባሁ። አይሱዙዎቹ የሚመጡት በአስፋልቱ ነው፤ ያውም ፀሐይ ከወጣች በኋላ። በጠጠሩ ላይ ያለው እግር ብቻ ነው። ማሾ የጫነ አህያ፣ ዶሮ ብብቷ ሥር ያቀፈች ሴት፣ ጀሪካን የተሸከመ ልጅ፣ በሽርጥ ላይ ኮት ደርበው በትር የያዙ አባት። እያንዳንዱ ሰው ጋ ሰላምታ አለ፤ ለአንዱ «አሰላሙ አለይኩም»፣ ለአንዱ «ደኅና አደራችሁ»፣ የማያውቀውን ሰው ሃይማኖት ከሩቅ መገመት ያልቻለ ሁለቱንም አከታትሎ ይላል። ትንሽ ዳገት ላይ ተንጠልጥዬ ሳለከልክ አንዲት እናት «አብሽር!» አሉኝ። ወሎ ውስጥ የሚበዛው ይህ ቃል ይፋትም ላይ መድኃኒት ነው፤ ሁለት ማርሽ ይቀንስላችኋል። በዚያ ጠዋት አንድ ጊዜ እንኳ ጡሩንባ አልሰማሁም። የተሰማው ኮቴና ወሬ ነው። ጸጥታ ይሏችኋል ይህ ነው።

ከላይ የሚመጣ ድምፅም አለ። ማሽላ በሚያሽትበት ወራት ማሳው መሐል ማማ ይቆማል፤ ከላዩ ላይ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይቀመጣል። ግሪሳ እንደ ጢስ ተነሥታ ስትመጣ ልጁ ይጮኻል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ድንጋይ ይወነጭፋል። መጀመሪያ ጊዜ ጅራፉን ስሰማ ጎማዬ የፈነዳ መስሎኝ ወርጄ ፈትሼአለሁ። ልጁ ማማው ላይ ሆኖ ሳቀብኝ። ጎማ ፈነዳ ብሎ የወረደ ትልቅ ሰው፣ በዚያ ላይ ጭንቅላቱ ላይ ቅል የደፋ! «ቻይና!» አለኝ። ቻይና ማለት ለእሱ ሄልሜት የሚያደርግ ሰው ነው፤ ከመንገድ ሥራ የተማረው ነው።

የግመሉን ነገር ካልነገርኳችሁ ርዕሴ ይታዘበኛል። ሳይክሌ ላይ ደወል አለ፤ የቻይና፣ ቅጭል የምትል። ለእግረኛ ጥሩ ናት፤ ሰው ዞር ብሎ ፈገግ ይላል። አህያ አይሰማትም። በሬ ቢሰማም ግድ የለውም። አንድ ጠዋት ከኋላ ሆኜ አራት ግመሎች ላይ ደረስኩ፤ ሰሌንና እንጨት ጭነዋል፤ ሽርጥ የታጠቁ ሰውዬ ከፊት ይመራሉ። ደወልኩ። የመጨረሻው ግመል ደንብሮ ወደ ጎን ዘለለ፤ ሰሌኑ እንደ ምንጣፍ ተፈታ፤ ሌላው ግመል የዚህን አይቶ ማሳ ውስጥ ገባ። ግመሎቹን ለመመለስ ከሩብ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ሰውዬው አልሰደቡኝም፤ እሱ ይሻል ነበር። ጭነቱን አብሬያቸው ካሰርኩ በኋላ «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ ሽበቴን እያዩ፣ «ለግመል ደወል አይደወልም። ወርደህ፣ በፊቱ በኩል ታልፋለህ፣ እንዲያይህ።» ወርጄ፣ ሳይክሉን በእጄ እየገፋሁ፣ በፊታቸው በኩል አለፍኩ። ግመሎቹ እንደ ዳኛ ከላይ ወደ ታች አዩኝ።

ቆይቼ ሳስበው፣ በዚህ ቆላ የጉዞ ዕቅድ ማውጣት ከእኔ በፊት ባለ ግመሎቹ የጨረሱት ሥራ ነው። ከባሕር ጠረፍ እስከ አልዩ አምባ ገበያና እስከ አንኮበር ድረስ ጨው ያመላልስ የነበረው ቅፍለት ከንጋት በፊት ጭኖ፣ ፀሐይ ሳትከር አራግፎ፣ ውኃ ያለበትን ቆጥሮ ነበር የሚሄደው። በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው፣ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ እንኳ በእነሱ ሰዓት ነው የተጓዘው። ከዚያም በፊት፣ በ14ኛው መቶ ዘመን፣ አል-ዑመሪ የሚባለው አረብ ጸሐፊ በዚህ ቀንድ ያሉትን ሰባት የእስላም አገሮች ሲዘረዝር ኢፋትን፣ ይህንኑ ይፋትን፣ አንደኛ አድርጎ ነው የጀመረው። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት አስበሪ፣ ማሰልና ኖራ የሚባሉትን የፈረሱ ከተሞች ሲያጠኑ መስጊዱም ቤቱም ያለ ጭቃ በተነባበረ ድንጋይ የተሠራ ሆኖ አግኝተውታል። ከተሞቹ ሜዳው ላይ አይደሉም፤ ደጋውና ቆላው በሚገናኙበት ትከሻ ላይ ናቸው። ወባው ወደሚቀንስበት፣ ሙቀቱ ወደሚበርድበት፣ ገበያው ግን ወደሚታይበት ቦታ። ሌሊት የት እንደማድር ግራ ሲገባኝ እነሱን አስባለሁ። ከክረምት መውጫ በኋላ ቆላው ላይ የሚያድር ሰው አጎበር ሳይይዝ አይሂድ።

በብስክሌት አገር ለአገር የዞረ ሰው እንኳ እዚህ አገር ሲደርስ አስቦበታል። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአገሯ እስከ ሕንድ በብስክሌት ሄዳለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያን ለማየት ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ትታ በቅሎ ይዛ በእግሯ ነው የተጓዘችው፤ መጽሐፏም ከበቅሎው ጋር ስላደረገችው ጉዞ ነው። አስተዋይ ሴት። በቅሎ ማርሽ አይቀየርላትም፣ ከመነዳሪ የላትም፣ ግመልም አታስደነግጥም።

«ውድድር ነው?» ይሉኛል በየመንደሩ። አይደለም ስል ይጨነቃሉ። ብስክሌት እኛ አገር ወይ ሥራ ነው ወይ ውድድር ነው። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሩዋንዳ ኮረብታዋን ተማምና በ2025 እ.ኤ.አ. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን ኪጋሊ ላይ አዘጋጅታለች፤ አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሁሉ ለአንድ የጀውሃ ሽንኩርት ገበሬ ዘርዝሬ «እኔ ግን ዝም ብዬ ለማየት ነው የምሄደው» አልኩት። ብዙ አሰበና «ለማየትማ በእግር ይሻል ነበር» አለኝ። ከደርቭላ ጋር ይግባቡ ነበር።

እስካሁን በደኅናው ዘመን ቋንቋ ነው ያወራሁት። ሁላችንም እንደምናውቀው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ተቃጥላለች፤ ሮቢትም በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የጦርነት ሜዳ ሆና ከርማለች። ከዚያ ወዲህም ይህ መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ባለፉት ዓመታት የሄድኩት ጥቂት ነው፤ ያቀድኩት ግን ብዙ ነው። ካርታው ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ በእርሳስ አሰምራለሁ፣ ወንዝ እቆጥራለሁ፣ ጥላ ያለበትን ዛፍ ምልክት አደርጋለሁ። ሚስቴ «ዘንድሮም ጠረጴዛው ላይ ደከመህ?» ትለኛለች።

ከመነሣቴ በፊት ግን የምደውልለት ሰው አለ። የሻይ ቤቱ ጋሼ ስልካቸውን ሰጥተውኛል። ሰላምታው ይረዝማል፤ ልጆች፣ ዝናብ፣ የማሾ ዋጋ። ከዚያ «መንገዱ እንዴት ነው?» እላለሁ። እሳቸው «ጸጥ ብሏል» ካሉኝ አልሄድም። «ሰው አለበት» ካሉኝ ሄልሜቴን ፌስታል ውስጥ እከታለሁ።

እናንተም የምትሄዱበት ቀን ሲመጣ ቅዳሜ ወርዳችሁ ሮቢት እደሩ፤ እሑድ ንጋት ላይ አስፋልቱን ለአይሱዙ ተዉለትና ከአህዮቹ ጋር ግቡ። ከመነዳሪ ሦስት ያዙ፤ ሁለት አይበቃም።

ትናንት ማታ ደወልኩላቸው። «ትንሽ ቆይ» አሉኝ።